የሙከራ ሞተር ከከባድ ፍተሻ በኋላ ሲመረመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ሞተር የሚነካካ ሰው ብዙ ነው። ጣና ዳር የመስኖ ፓምፕ ሞተር የሚያሻሽል አለ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ የወፍጮ ሞተር በሌላ ነዳጅ ላሠራ ብሎ የሚታገል አለ። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ደግሞ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ሞተር ፈታቶ የሚገጥም ተማሪ አይጠፋም። ሁሉም ሞተሩን እስኪበቃው ያስጨንቁታል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «አሁን ምኑን ልየው?»

መልሶቹ በዋናነት የሚመለከቱት ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተርን ነው። እኛ አካባቢ ለሙከራ የሚውለው በብዛት እሱ ነውና። አብዛኛው ነገር ግን ለባጃጅም ለመኪናም ይሠራል።

ከባድ ፍተሻ የምትሉት ምን ዓይነቱን ነው?

ሞተሩ በተራ ሥራ ከሚገጥመው በላይ ሆን ተብሎ ሲጨነቅ ነው። በሙሉ ጭነት ለረጅም ሰዓት ማሠራት፣ ከተፈቀደለት ዙር ትንሽ ማሳለፍ፣ አግሎ ድንገት ማቀዝቀዝና እንደገና ማጋል። ጭነት መስጫ ማሽን ከሌላችሁ ጄኔሬተር አስነዱት። ጄኔሬተሩ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድና የውኃ ማሞቂያ ሰክታችሁ ስትጨምሩበት ሞተሩ ማቃሰት ይጀምራል። ስንት ኪሎ ዋት እንደጫናችሁበትም በቀላሉ ታውቃላችሁ።

ለተሽከርካሪ ሞተር እግዜር የሠራው መፈተኛ አለን። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። የበረሃው ሙቀት ሲጨመርበት ደካማ ማቀዝቀዣ እዚያው ይጋለጣል። ነገር ግን ሰው የሚመላለስበት መንገድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያልተፈተነ ሞተር ይዛችሁ እዚያ አትውረዱ።

ፈተናውን ያለ ችግር ከጨረሰ ለምን ይፈታል? ድምፁ እኮ ደህና ነው።

ድምፅ ዘግይቶ የሚናገር ነገር ነው። ኳ ኳ ማለት ሲጀምር ብሮንዙ፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ ደግፎ የሚይዘው ስስ ሽፋን፣ ቀድሞ አልቋል። ስንጥቅ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለውም፤ ኮሎው (የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር የሚቀይረው ዋና ዘንግ) ለሁለት እስኪከፈል ድረስ ዝም ይላል።

የአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ አዲስ ሞተር የ150 ሰዓት የጽናት ፈተና እንዲያልፍ ያዛል። አለፈ ተብሎ ግን አይተውም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ማስተካከያ ያላቸው ክፍሎች ፈተናው ሲጀመር የተመዘገበላቸውን ልክ ይዘው መቆየታቸው ይታያል። የወፍጮ ሞተር አይበርም፣ እውነት ነው። አሠራሩ ግን ለእኛም ይሆናል።

ምርመራው የሚጀምረው መቼ ነው?

ከፈተናው በፊት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ከፈተና በኋላ ሲሊንደሩን ለካችሁና 95.06 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ታዲያ ይህ ምን ማለት ነው? ሲገጠም 95.05 ከነበረ ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። 95.00 ከነበረ ግን የሆነ ነገር በልቶታል። የመነሻው ቁጥር ከሌለ የሁለቱን ልዩነት የሚነግራችሁ ማንም የለም። የዓመታት ልምድ ያለው መካኒክም ቢሆን ይገምታል እንጂ አያውቅም።

ስለዚህ ገና ሲገጠም ጻፉ። ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ለኩት። የኮሎውን አንጓዎች፣ ብሮንዝ ውስጥ የሚዞሩትን ክብ ቦታዎች፣ እንዲሁ። የፋሻውን፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበውን ቀለበት፣ የጫፍ ክፍተት አትርሱ። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ከታችሁ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩበት ስስ ብረት) የምትለኩት ነው፤ ሞተሩ የራሱ መመሪያ ከሌለው ለ100 ሚሊ ሜትር ስፋት ከ0.3 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። የቫልቭ ክፍተትና የቤላ ብሎኖችን ርዝመትም መዝግቡ። ቤላ ማለት ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ክንድ ነው። ብሎኖቹ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ቢረዝሙ እንኳ ማወቅ ትፈልጋላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሉሚኒየም ፒስተን በሙቀት ቶሎ ያድጋል። 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ደብረ ማርቆስ ላይ በማለዳ ብርድ የለካችሁትን ቀትር ላይ መልሳችሁ ብትለኩ ያላለቀው አለቀ፣ ያለቀውም ደህና ነው ልትሉ ትችላላችሁ። በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በአንድ መለኪያ፣ ቢቻል በአንድ ሰው እጅ ለኩ።

ሞተሩ አሁን ቆመ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

እጃችሁን ሰብስቡ። በተለይ አትጠቡት። ሞተር በጥላሸትና በዘይት ተለውሶ ሲታይ ላምባና ብሩሽ ማንሳት የጋራዥ ልማድ ነው። እዚህ ግን ልማዱ ጉዳት አለው። ጥላሸቱ የት እንደተጋገረ፣ ዘይቱ ከየትኛው ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) እንደወጣ፣ አቧራው የት እንደተሰበሰበ ሁሉ ማስረጃ ነው። ታጥቦ ከሄደ አይመለስም። ፎቶ አንሱ፤ ከዚያም ከሌላ አቅጣጫ ድገሙ።

ፈተናው ላይ በራሱ ነክሶ የቆመ ከሆነ እንደገና ለማስነሳት አትሞክሩ። አንድ ዙር ብቻ ጉዳቱን ሊያባዛው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ፍላይዊሉን (ኮሎው ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ መንኮራኩር) በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የት ላይ እንደከበደ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ቴስታታውንም (የሲሊንደሩን ክዳን) ትኩስ እያለ አትፍቱ፤ ሊጣመም ይችላል።

ዘይቱን ልድፋው?

ኧረ በፍጹም! ዘይቱ ከመፍታታችሁ በፊት ከሁሉ የበለጠ የሚያወራ ነገር ነው።

ንጹሕ ሰፊ ዕቃ አዘጋጁ። ዘይቱን በነጭ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁ ላይ የቀረውን በፀሐይ ብርሃን እዩ፣ ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ብረት ነው፤ ከሲሊንደር፣ ከፋሻ፣ ከኮሎ ወይም ከማርሽ ጥርስ የመጣ። ያልተለጠፈና ነጣ ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተኑን ጠርጥሩ። ወደ ቀይ የሚያደላ ከሆነ መዳብ ነው፤ ብሮንዙ ውስጠኛው ንብርብር ላይ ደርሷል ማለት ነው። ጣት ላይ የማይሰማ የላመ ብናኝ ከአዲስ ሞተር ይጠበቃል። በጥፍር የሚያዝ ቅርፊት ግን አይጠበቅም።

ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ኢንጀክተሩ (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ያንጠባጥባል፣ ወይም ፋሻው ያሳልፋል።

ፊልትሩንም ቁረጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። በብረት መጋዝ ግን አትቁረጡ፤ የመጋዙ ብናኝ ራሱ ውስጥ ገብቶ ያሳስታችኋል። የቧንቧ መቁረጫ ይሻላል።

በበጋ የፈተነ ሰው ደግሞ አቧራውን አይርሳ። ከአየር ፊልትሩ በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቀይ አፈር ከወጣ ሲሊንደሩ ለምን እንደተበላ ግማሹን መልስ አገኛችሁ። የኮረኮንች አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ብረት ይሞርዳል።

ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) መመሪያው ላይ ካለው በጣም ዝቅ ብሏል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

የት ሆናችሁ ለካችሁት? ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ሩብ ያህል ይጎድላል። መመሪያው 30 ባር ካለ፣ ባሕር ዳር ላይ ጤነኛ ሞተር 24 አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም። ስንቱ ደህና ሞተር በዚህ ምክንያት በከንቱ ተፈትቷል!

ዋናው ነገር ከፈተናው በፊት እዚያው ቦታ ላይ የለካችሁት ቁጥር ነው። ከእሱ በግልጽ ከወረደ በኮምፕሬሰር አየር አስገቡበትና አድምጡ። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው መሆን አለበት፤ ፍላይዊሉም በደንብ ይያዝ፣ አየሩ ሊያዞረው ይችላል። በማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) በኩል እስስስ ካለ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው። በዘይት መሙያው ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር። ውኃው ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ቀንሶ ናፍጣው ካልተቀነሰ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸትና ከልክ ያለፈ ሙቀት ይመጣል። ውኃም ባሕር ዳር ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክፍት የውኃ ሣጥን ያላቸው የወፍጮ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት ውኃው በመፍላቱ ስለሆነ መፍላቱ ብቻውን ጉዳት አይደለም። ውኃው ጎድሎ ከነበረ ግን ጻፉት።

አፈታቱ ቅደም ተከተል አለው?

ከውጭ ወደ ውስጥ። ብሎን ሲላላ በቀላሉ የመጣውንና የከበደውን ለዩ፤ ገና ሳይነካ የላላ ብሎን ትልቅ ምልክት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከየት እንደወጣና ፊቱ ወዴት እንደነበር ይጻፍበት። የላይኛውና የታችኛው ብሮንዝ ከተቀላቀለ ግማሹ ምርመራ እዚያው ቀረ።

ፒስተኑ ላይ ጭረት አለ። ምን ማለት ነው?

ቦታውን ንገሩኝና ምክንያቱን እንፈልግ።

ፒስተን በሥራ ላይ ወደ አንዱ የሲሊንደር ጎን ይበልጥ ይገፋል። በዚያ ጎን ቀለል ያለ፣ ለስላሳ የመፋተግ ምልክት ቢታይ ጤነኛ ነው። ያው ጎን በጥልቅ ከተቧጨረና ብረቱ ከተጎተተ ዘይት አንሶታል፣ ወይም ጭነቱ በዝቶበታል። ጭረቱ ፒስተኑን ከቤላው ከሚያያይዘው ፒን ቀዳዳ ግራና ቀኝ በአራት ቦታ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፒስተኑ ከልክ በላይ ግሎ አብጧል፤ ማቀዝቀዣውን መርምሩ። ከአንድ ጎን አናቱ አጠገብ፣ ከተቃራኒው ጎን ደግሞ እግሩ አጠገብ ከተፋተገ ፒስተኑ ተንጋዶ ነበር የሚሮጠው። ቤላው ጎብጦ ይሆናል።

አናቱን እዩ። የቀለጠ ወይም የተቦረቦረ ቦታ ካለ ኢንጀክተሩ የሚረጭበት አቅጣጫ ላይ መሆን አለመሆኑን አመሳክሩ። ከሆነ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር በእጃችሁ ነው። ኢንጀክተሩ ሲፈተሽ ግን እጃችሁን ከሚረጨው ፊት አታድርጉ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስሄድ ጉዳት ነው።

ፋሻዎቹ በጎድጓዳቸው ውስጥ በነፃነት መንቀሳቀስ አለባቸው። ከተጣበቁና ከበታቻቸው ቡናማ የተቃጠለ መስመር ካለ ጭሱ ወደ ታች ሲያመልጥ ነበር።

ብሮንዙን እንዴት ነው የማየው?

በጥንቃቄ፣ በተራ። የቤላው ብሮንዝ የላይኛው ግማሽ፣ ኮሎውን የሚይዘው የዋናው ብሮንዝ ደግሞ የታችኛው ግማሽ ይበልጥ ቢያልቅ ትክክል ነው። የፍንዳታው ግፊት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ፣ የጎበጠ ነገር ፈልጉ።

በዙሪያው የተዘረጉ ቀጫጭን ጭረቶችና የተቀበሩ ነጥቦች ቆሻሻ ነው። የለሰለሰ፣ የቀለጠና የተጎተተ መልክ የዘይት እጥረት ነው። ቅርፊቱ ተነስቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ካለ ብረቱ በተደጋጋሚ ግፊት ደክሟል፤ በከባድ ጭነት ፈተና ላይ ይህን ማግኘት የተለመደ ነው። ኮሎው ራሱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ኮሎ አሸት አድርጎ መልሶ መግጠም ይቅርባችሁ።

ክፍተቱ ለ50 ሚሊ ሜትር አንጓ በግምት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። መመሪያ ካለ መመሪያውን ስሙ።

ስንጥቅ በዓይን ካልታየ እንዴት ይገኛል?

የተሠራለት ቀለም አለ። ክፍሉ ይጸዳል፣ ቀይ ቀለሙ ይቀባና እንዲሰርግ ይተዋል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነጩ ይረጭበታል። ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ የሚሰርግበት ጊዜ አትንፈጉት።

እሱን ላላገኘ ላምባና ጠመኔ አለ። የባቡር ጋራዦች በዘይትና በኖራ ዱቄት ለረጅም ዘመን የሠሩበት ዘዴ ነው። ክፍሉን ላምባ ውስጥ ዘፍዝፉ። አውጥታችሁ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ የጠመኔ ዱቄት ቀቡት። ስንጥቁ የጠጣው ላምባ ቀስ እያለ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ጸጉር የመሰለ መስመር ካያችሁ አገኛችሁት። በጣም ቀጭኑን ስንጥቅ ሊያመልጠው ይችላል፤ ምንም ካለማየት ግን ይሻላል። እሳትና ሲጋራ ከአጠገባችሁ ይራቅ።

ኮሎውን ደግሞ በገመድ አንጠልጥላችሁ በትንሽ መዶሻ መታ አድርጉት። ገበያ ላይ እናቶቻችን ማሰሮ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው እንደሚሰሙት ነው። ደህናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ካልጮኸ በቀለሙ አረጋግጡ። ከሁሉ በፊት አንጓው ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ እዩ፤ ስንጥቅ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ቴስታታና ቫልቭስ?

ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት በአግድምም በሰያፍም አስቀምጡበት። 0.1 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ ከበታቹ ካለፈ ተጣሟል። በቫልቮቹ መካከል ያለውን ቀጭን ድልድይ ለስንጥቅ መርምሩ። ቫልቮቹ ሳይወጡ በአየር መግቢያውና በጭስ መውጫው ላምባ ጨምሩና ጠብቁ፤ ወደ ሲሊንደሩ በኩል ካንጠባጠበ አይዘጋም።

በኑግ ዘይት ነው የፈተንኩት። የተለየ የማየው አለ?

አለ። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል። ችግሩ ማስነሳቱ ላይ ሳይሆን ቆይቶ ነው የሚመጣው። ያልተቀየረ የምግብ ዘይት ወፍራም ስለሆነ በደንብ አይበተንም። ኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ጥላሸት ይጋገራል። ፋሻው ይጣበቃል። ያልተቃጠለው ወደ ታች ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያወፍረዋል፤ ሲብስም ያረጋዋል። ስለዚህ ኢንጀክተሩን ሳትፍቁ ፎቶ አንሱ፣ የፋሻውን ጎድጓዳ እዩ፣ የሞተሩን ዘይት ውፍረት ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ለአጭር ሰዓት ብቻ ፈትናችሁ «ኑግ ይሠራል» ብላችሁ ሪፖርት ባትጽፉ ደስ ይለኛል። የኑግ ዋጋም በዚህ ላይ ሲታሰብ… እሱን ሌላ ጊዜ።

የትኛው ክፍል ተመልሶ ይገጠማል?

ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ጎማዎችና የፒስተን ፒን መቆለፊያ ቀለበቶች አይመለሱም። የረዘመ የቤላ ብሎንም እንዲሁ። በሙሉ ጉልበት ላይ ቤላ ሲለቅ የሞተሩን ሆድ ቀዶ ነው የሚወጣው። ሌላው በመለኪያ ይወሰናል። የጣላችሁትን ግን ለቁራሌው ቶሎ አትስጡ። ስም ጽፋችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ፈተና ተመሳሳይ ጉዳት ሲመጣ ጎን ለጎን ታዩታላችሁ።

ጉዳት ከተገኘ ሙከራው ከሸፈ ማለት ነው?

ሩዶልፍ ዲዝል በፈረንጆቹ ነሐሴ 1893 አውግስበርግ ላይ የመጀመሪያ ሞተሩን ሲፈትን የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ያንን ሞተር ከፍተው፣ አይተው፣ ቀይረው ቀጠሉ። በ1897 የተፈተነው ሞተር ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶ ገደማውን ወደ ሥራ ቀየረ፤ በዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች የማይደርሱበት ነበር። ለተማሪ የምመክረው ይህን ነው፦ የተሰበረውን ደብቃችሁ ያማረውን ግራፍ ብቻ አታቅርቡ። መምህራችሁ የተሰበረውን ፋሻ ቢያይ ይሻለዋል።

ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚሞረድበት) ኮሎውን ስወስደው ምን ልበል?

መጀመሪያ ይለካ፣ ቁጥሩ ይጻፍ፣ ከዚያ ይቆረጥ በሉ። የቶርኖ ባለሙያ ሥራ ይወዳል፤ ኮሎ ሲያይ እጁ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። አንዴ ከተሞረደ በኋላ አንጓው ምን ያህል ሞላላ ሆኖ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ባለሙያውን በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ ሳይነካ ልለካው» በሉት። ማይክሮ ሜትሩን ከሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ለኩ። እሱም አብሯችሁ ይለካና ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ሦስተኛ ለኩ።